በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለችው ተዋናይ

«ምቺኝ እንጂ፤ ምን ትልፈሰፈሻለሽ?» አለች ራዲዮ ጉንጯን አዙራ።

ትንኝ እጇን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ የቆሙት በትምህርት ቤቱ የሴቶች መታጠቢያ ክፍል ውስጥ። ቧንቧው ይንጠባጠባል። ወለሉ መሃል ያለው የውሃ መውረጃ ተደፍኖ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር የተንሳፈፈበት ግራጫ ውሃ አቁሯል። ትንኝ ውሃው እንዳይነካት በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆማለች። ራዲዮ ግን ደልደል ብላ መሃሉ ላይ ቆማ፣ ማስቲካዋን ጧ ጧ እያደረገች መስታወቱን ታያለች።

ራዲዮ የተባለችው አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለማይገኝ ነው። ትንኝም ትንኝ የተባለችው ትንሽ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር ከያዘች የሰው ጆሮ ሥር ገብታ ጥዝ ስትል ስለምትከርም ነው። ሁለቱ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ናቸው። አምስተኛ ክፍል ሳሉ ትንኝ ታማ ሦስት ሳምንት ስትተኛ፣ ራዲዮ ደብተሯን ሁሉ በገዛ እጇ ጽፋ ሞልታላታለች። ይህን ትንኝ አትረሳውም። ራዲዮም እንድትረሳው አታደርግም።

የሚለማመዱት ለቅዳሜው ክርክር ነው። የፊልም ክበቡ በዚያ ወር የያዘው አንዲት የድሮ የሆሊውድ ተዋናይ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ዘመን የነበረች፣ ከሞተች ብዙ ዓመት ያለፋት ሴት። ስሟ ለምላሳቸው ስለከበደ ተማሪዎቹ «ባለባርኔጣዋ» ይሏታል። ሁለት ፊልሞቿን በሁለት ቅዳሜ አይተዋል። በአንደኛው ስልክ አገናኝ ሆና ታስቃለች። በሌላው የፋብሪካ ጌታ ሚስት ሆና ባሏ በጥፊ ይመታታል። የክርክሩ ጥያቄ አጭር ነው፤ ከሁለቱ የቱ ትወናዋ ይበልጣል? ያሸነፈው ቡድን ለትምህርት ቤቶች ውድድር ሐይቅ ዳር ወዳለው ከተማ ሄዶ ሦስት ቀን ይሰነብታል። ትንኝ ሐይቅ አይታ አታውቅም። ከዚህች ከተማ ወጥታ አድራም አታውቅ።

በዕጣ ጥፊው ያለበት ፊልም ለእነሱ ደረሳቸው። ራዲዮ በደስታ ዘለለች፤ ስለዚያ ጥፊ ክበቡን የሚመሩት ቲቸር የነገሯቸው ወሬ ነበራ። ዳይሬክተሩ ተዋናዩን የምርህን ምታት ብሎ አዝዞ፣ እስኪያምርለት ድረስ ዐሥራ ሁለት ጊዜ አስመትቷታል ይባላል። ቲቸር ይህን ሲያወሩ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ ጥበብ ዋጋ ታስከፍላለች ብለው ነበር።

«ፋራ አትሁኚ» አለች ራዲዮ። «ሰው ፊት በጥፊ ስትይኝ ነው የሚያምኑን።»

ትንኝ መታቻት። መዳበስ ይሉታል እንጂ መምታት አይሉትም።

«ይሄማ ዝንብ ማባረር ነው። እንዲህ ነው የሚመታው» አለችና ራዲዮ እጇን ሰነዘረች።

ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ተላተመ። ትንኝ መጀመሪያ የተሰማት ጉንጯ አይደለም፤ አፏ ውስጥ ያለው ምራቅ ነው፤ ብረት ብረት አላት። ዓይኗ ሳታዘው ወደ በሩ ሄደ፤ የሚገባ ሰው ካለ ብሎ። ማንም የለም። ራዲዮ ትስቃለች፤ ማስቲካው በጥርሶቿ መሃል ተለጥጦ ይታያል።

«ፊትሽን ብታዪው» አለች። «ቅዳሜ ይሄን ፊት ካመጣሽልኝ አለቀ፤ ሐይቁ ውስጥ ነን።»

ከዚያ የመዝጊያውን ንግግር ሰጠቻት፤ አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ይዛው ነበር። መዝጊያው የትንኝ ነው። ከወረቀቱ ግርጌ፣ በቀይ የተሰመረበት፣ ባለባርኔጣዋ ተናገረችው የተባለ ቃል አለ፦ «ለዚያ ጥፊ ዕድሜ ልኬን ሳመሰግነው እኖራለሁ።»

ትንኝ ሁለቴ አነበበችው። ከየት አገኘሽው ብላ ጠየቀች። ራዲዮ ከመጽሐፏ አለች። የትኛው መጽሐፍ ስትላት፣ አይ ስልክ ላይ ነው አለች። እስቲ አሳዪኝ ስትላት፣ ስልኩ ባትሪ የለውም። ትንኝም እንግዲህ ትንኝ ናት፤ ጥዝ አለችባት።

«ከራሴ ነዋ» አለች በመጨረሻ ራዲዮ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ምን ታካብጃለሽ? ማን ይፈትሻል? ሴትዮዋ እንደሆነች ሞታለች፤ ከመቃብር ተነሥታ አታሳጣን።»

ትንኝ ወረቀቱን መልሳ አየችው። የተመታችን ሴት፣ ያውም የሞተችን፣ መቺዋን አመስግኚ ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ፤ ለእሷ ግን ዝም ብላም የገባባት መሰላት። ወረቀቱን ኪሷ ከትታ፣ ከዚያ ከሚከረፋ ክፍል ወጣች።

ትንኝ የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው፤ ከድሮው ሲኒማ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል። አክስቷ የሲኒማ ቤቱ ፊልም ቀጣይ ናት። ፊልም ሲበጠስ ትቀጥላለች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይኸው ነው። ጠረጴዛዋ ላይ በእጅ የሚዞሩ ሁለት ጎማዎች አሉ፤ መሃላቸው ከሥሩ አምፖል የሚበራበት መስታወት፣ ጎኑ ምላጭና መቀስ፣ ማጣበቂያም። ሲኒማ ቤቱ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ትምህርት ቤቱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን ይዋሳል፤ የፊልም ማሳያውን ማሽንም የምታስነሳው እሷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ፊልሞቹን ግን ምስል በምስል ታውቃቸዋለች፤ ሰው የልጁን ጥርስ እንደሚያውቀው።

ትንኝ ገና ስትገባ አክስቷ ፊቷን አየች። አራት ጣት ታትሞበታል።

«ማነው?»

ትንኝ፣ ለክርክሩ ስንለማመድ ነው አለች። ምን ዓይነት ክርክር ነው በጥፊ የሚለማመዱት ስትባል፣ የዐሥራ ሁለቱን ጥፊ ወሬ ነገረቻት። አክስቷ ሰምታ ስትጨርስ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ዝገት የበላው የብስኩት ቆርቆሮ ጎተተች። ክዳኑ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ትንኝ አፍንጫዋን ያዘች።

«ፊልም ሲያረጅ እንዲህ ይከረፋል» አለች አክስቷ። «የምትሸተው እሷ አይደለችም።»

ቆርቆሮው ውስጥ የፊልም ቁርጥራጭ ሞልቷል፤ ከጣት የሚያጥር፣ ከክንድ የሚረዝም፣ የተጨማደደ፣ ጠርዙ የተቦጨቀ። ሁሉም ላይ ያለችው ባለባርኔጣዋ ናት። ሁሉም ላይ አንድ እጅ ወይ ጉንጯ ላይ አርፏል፣ ወይ ከጉንጯ እየተነሣ ነው።

አክስቷ ወሬ አታበዛም፤ ያን ቀን ግን አወራች። ድሮ አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። ጥፊው ጋ ሲደርስ ወንዶቹ ያፏጫሉ፣ አግዳሚውን ይደበድባሉ፣ ድገመው ይላሉ። ማሽነኛው ሰው ማስደሰት ይወዳል፤ ማሽኑን ያቆምና ፊልሙን በእጁ ወደ ኋላ ስቦ ይደግምላቸዋል። በአንድ ትርኢት አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ፊልም ደግሞ ገመድ አይደለም፤ እዚያው ላይ ሲጎትቱት እዚያው ላይ ይበጠሳል። እሷ የተቀደደውን ጠርዝ ቆርጣ ትቀጥለዋለች። በሳምንቱ እዚያው ይበጠሳል፤ ደግሞ ትቆርጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥፊው በየዓመቱ እያጠረ ሄደ። ቁርጥራጩን ከጥራጊው ጋር መጣል ነበረባት፤ እጇ እምቢ አላት። ምራቅ ከተተፋበት የሱፍ ቅርፊትና ከሲጋራ ቁራጭ ጋር የሰው ፊት እንዴት ይጠረጋል?

«መምህራችሁ ዐሥራ ሁለት ነው ያሉት?» አለች። «እዚህ ቤት ከሺህ በላይ ተመታለች። እኔ ነኝ ስቀጥላት የኖርኩት፤ ደግማ እንድትመታ።»

ከቁርጥራጮቹ አንዷን መረጠች። ጠርዝ ጠርዟን ይዛ የበራው መስታወት ላይ አስተኛቻት፤ ትንኝ አጎንብሳ አየች። ስድስት ምስል ናት። በመጀመሪያው ላይ እጁ አርፏል። በሁለተኛው ባርኔጣዋ ዘሟል። ከሦስተኛው ጀምሮ ዓይኖቿ ተከፍተዋል።

«ማንን ነው የምታየው?» አለች አክስቷ።

«ባሏን።»

«አስተውይ።»

ባልየው የቆመው በግራ ነው። ዓይኖቿ ግን ወደ ቀኝ ሄደዋል፤ ከካሜራው ጎን፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ሰው ወደቆመበት። ቁጣ የላቸውም። እንባም የላቸውም። የሚያስጥል ሰው የሚፈልጉ ዓይኖች ናቸው፤ በቃ በለው፣ አንተ ነህ ያዘዝከው፣ በቃ በለው የሚሉ። ትንኝ አወቀቻቸው። ከሰዓታት በፊት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የራሷ ዓይን ወደ በሩ የሄደው እንደዚሁ ነበር።

«ሩብ ሰከንድ ናት» አለች አክስቷ። «በማሽን ስታልፍ ሰው አያያትም። እኔ ስቆርጣት ስቀጥላት አየኋት። ይሄ ትወና አይደለም ልጄ። የምር የተመታ ሰው ምኑን ይተውናል?»

ትንኝ ከመስታወቱ ቀና አለች። ባለፈው ቅዳሜ ጥፊው ሲመጣ አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ሲፈነዳ፣ እሷም አብራ አጨብጭባለች። ለምን እንዳጨበጨበች አታውቀውም፤ ሁሉም ስላጨበጨበ ነው። ይህንኑ አንገቷን ደፍታ ለአክስቷ ነገረቻት።

«አይቼሻለሁ» አለች አክስቷ። ከማሽን ክፍሉ ቀዳዳ አዳራሹ እንዳለ ይታያል። ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ትንኝ የራዲዮን ወረቀት አውጥታ አነበበችላት። ቀይ የተሰመረበት ጋ ስትደርስ አክስቷ ዞር ብላ ጥራጊ ባልዲው ውስጥ እንትፍ አለች። ከዚያ አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ሌላውን ፊልም፣ የስልክ አገናኟን፣ አስተውላ አይታው እንደሆነ ጠየቀቻት። ትንኝ ሥቄበታለሁ አለች።

«እሷ እዚያ ውስጥ ስቶኪንጓ ተቀዷል» አለች አክስቷ። «ስልኩን ይዛ ከትልቅ ሰው ጋር ትልቅ ሰው መስላ ስታወራ፣ አንዱን እግሯን አምጥታ በሌላው ላይ ታሳርፋለች። ቀዳዳውን መደበቋ ነው። ፊቷ ግን ወይ ፍንክች። ያዘዛት ሰው ቢኖር ኖሮ ካሜራው ወደ እግሯ ይጠጋ ነበር፤ አልተጠጋም፤ ከሩቅ ነው የሚታየው። ከራሷ ያመጣችው ነው። ትወና ካልሽ ያቺ ናት።» ጎማውን ማዞር ጀመረች። «እኔ ማይም ነኝ፤ ክርክር አላውቅም። የቀረውን ራስሽ እወቂው።»

ትንኝ ስድስቷን ምስል ልወስዳት ወይ አለች። ጎማው ቆመ። ከዚያ ቆርቆሮ በሠላሳ ዓመት አንድም ነገር ወጥቶ አያውቅም።

«ፊቷ ላይ ጣትሽን እንዳታሳርፊ» አለች አክስቷ። «ጠርዝ ጠርዟን ያዢያት።»

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ላብ ይሸታል፤ የወንበሮቹ የቆየ ፕላስቲክ ይሸታል። መድረኩ ላይ ሁለት ዴስክ ተቀምጧል፤ ከመድረኩ ፊት ደግሞ የቲቸር ጠረጴዛ አለ፤ ዳኛው እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ስለ ስልክ አገናኟ ፊልም ከተቃራኒው ቡድን ምሰሶ ተናገረ። ምሰሶ ቁመቱ በር የማያስገባው ልጅ ነው፤ ነገሩ ግን አጭር ነበር። ፊልሙ ያስቃል፣ ማሳቅ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ይበልጣል ብሎ ተቀመጠ። ከኋላ ሙድ ያዙበት።

ራዲዮ ተነሣች። ማስቲካዋን ከአፏ አውጥታ ዴስኩ ጠርዝ ላይ፣ ከትንኝ ክንድ አጠገብ ለጠፈችው፤ እርጥብ ነው፣ ጥርሷ ታትሞበታል። ትንኝ ክንዷን ሰበሰበች።

ራዲዮ ስትናገር ግን ከአፏ ማር ጠብ ይላል፤ ይህ ሐቅ ነው። ስለ ጥበብ አወራች፣ ስለ መሥዋዕትነት አወራች፣ ዐሥራ ሁለቱን ጥፊ አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች። ባለባርኔጣዋ ራሷ ስለዚያ ጥፊ ምን እንዳለች ጓደኛዬ በመዝጊያው ትነግራችኋለች አለች። ቲቸር ቀና ብለው ብዕራቸውን አዘጋጁ። ከዚያ ራዲዮ ትንኝን እጇን ይዛ ወደ መድረኩ መሃል ጎተተቻት። ስምምነታቸው ግን መቺዋ ትንኝ እንድትሆን ነበር።

«አንቺ አትችይበትም» አለቻት በሹክሹክታ። «ባልየው እኔ ነኝ።»

የቅዳሜው ከሐሙሱ ይከብድ ነበር። የትንኝ ጆሮ ጭው አለ። ከአዳራሹ ፉጨቱ መጣ። አንዱ ከኋላ ሆኖ «ድገሚው» አለ። ሌሎቹ ተቀበሉት፤ የወንበሩን ጀርባ መደብደብ ጀመሩ። ራዲዮ እየሳቀች እጇን ድጋሚ አነሳች፤ ሰው ማስደሰት ትወዳለችና።

የትንኝ ዓይን ወደ ቲቸር ሄደ። ቲቸር ፈገግ ብለው እየጻፉ ነው። ዓይኗ ከእሳቸው አልፎ ወደ ላይ ወጣ፤ በስተኋላ ባለው ግድግዳ፣ በማሽን ክፍሉ ቀዳዳ ውስጥ የአክስቷ ፊት አለ። ፊቷን ቀዳዳዋ ላይ ለጥፋ ታያለች። አልተንቀሳቀሰችም።

ትንኝ የተነሳውን እጅ አየር ላይ ያዘችው። ላብ ያዘለ፣ ሞቃት እጅ ነው፤ ያን ሁሉ ደብተር የጻፈላት እጅ ራሱ ነው። ይዛው ጥቂት ቆየችና ለቀቀችው። ራዲዮ ይህም የትወናው አካል መስሏት ለሕዝቡ እጅ ነሣች። አዳራሹ አጨበጨበ።

ወደ ዴስካቸው ተመለሱ፤ መዝጊያ ተባለ። አራት ደቂቃ አላት። ትንኝ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ራዲዮ ከጎኗ ሆና በአገጯ ቀዩን መስመር አመለከተቻት።

«ባለባርኔጣዋ ስለዚያ ጥፊ ያለችው ነገር አለ ተብላችኋል» አለች ትንኝ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ እንዲሰሟት ዝም ማለት ነበረባቸው። «እኛ የምናውቀው ነገር የለም። እዚህ የተጻፈው እኛ የጻፍነው ነው። መታጠቢያ ክፍል ውስጥ።»

ራዲዮ በዴስኩ ሥር እግሯን ረገጠቻት። «ምን ሆነሻል? ቀለደች ቲቸር፤ ፈርታ ነው» አለች።

ትንኝ ከመድረኩ ወረደች። ከደብተሯ መሃል ቁራጯን ፊልም አውጥታ፣ ጠርዝ ጠርዟን ይዛ ለቲቸር ዘረጋችላቸው። በጠርዟ ይያዟት፣ ወደ መስኮቱ ያዙሯት አለቻቸው። ቲቸር ሽታው ሲደርሳቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። ቢሆንም ተነሥተው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉና ቁራጯን ወደ ብርሃኑ አነሷት። መጀመሪያ በችኮላ አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቀስ ብለው አዩ።

«ባልየው በግራ ነው ቲቸር» አለች ትንኝ። «እሷ ማንን ነው የምታየው?»

የቲቸር ፈገግታ መቼ እንደጠፋ አልታወቀም። ቁራጯን አላወረዷትም፤ እጃቸው ላይ ያለችው ሴት እሳቸውንም የምታያቸው ይመስል እንዲሁ ቆሙ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ። ድገሚው ያለው ልጅ የት እንደተቀመጠ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዝም ብለዋል።

«ጨረስሽን» አለቻት ራዲዮ፣ ትንኝ ወደ ዴስኩ ስትመለስ። «ሐይቁን እርሺው። እኔንም እርሺኝ። ደብተርሽን የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው?»

ይህኛው ከጥፊው ሁሉ አመማት። በዴስኩ ጠርዝ ላይ ማስቲካው እንደተለጠፈ ነው፤ መድረቅ ጀምሯል። ትንኝ የመዝጊያውን ወረቀት ለሁለት አጥፋ፣ በእሱ ቆንጥጣ ማስቲካውን ነቀለችው። ቀዩን መስመር ወደ ውስጥ አድርጋ ጠቀለለችውና ዴስኩ ላይ፣ ራዲዮ ፊት አኖረችው።

ቲቸር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰዓታቸውን አይተው፣ ሁለት ደቂቃ ይቀርሻል አሉ፤ ድምፃቸው እንደወትሮው አልነበረም። ቡድንሽ የያዘውን ፊልም መከላከል ትቀጥያለሽ ወይስ ትቀመጫለሽ ብለው ጠየቁ።

ትንኝ ወደ ምሰሶ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ከኋላው ግድግዳ ላይ ያለችውን ቀዳዳ አየች።

«በሌላኛው ፊልም ብናገር ይቻላል?» አለች።

ሕጉ ይህን ይፍቀድ አይፍቀድ ቲቸርም አላወቁትም። በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

«ከእግሯ እጀምራለሁ» አለች ትንኝ።